ኢታንግ ላይ የጠረግኩት በረት

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እየሰማች የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ብርቄ ናት፤ ካጣመመችው በራሷ። የጎሬ ሰው ነኝ። ባለቤቴ መንገድ ሥራ ነበር፣ እየቆፈረ እየደለደለ ጋምቤላ ደረሰ፣ እኔም ድስቴን ተሸክሜ ከኋላው ደረስኩ። እሱ አረፈ፣ እኔ ቀረሁ። ዘመዶቼ "ሙቀቱን እንዴት ቻልሽው?" ይሉኛል። ሙቀቱ ነው እኔን የቻለኝ።

ባለፈው የካቲት ኢታንግ ሄጄ ነበር። ለሦስት ቀን ብዬ ነው የወጣሁት፣ በአምስተኛው ተመለስኩ። ምን ስሠራ እንደቆየሁ የጠየቀኝ ስለበዛ፣ አንዴ ልናገርና ይብቃ።

ዓርብ ጠዋት

ልጄ አስቴር ጋምቤላ ከተማ አንዱ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ናት። ክልል ሆናችኋል ከተባልን ወዲህ ቢሮ በየቀኑ ይወለዳል። ትናንት መጋዘን የነበረው ቤት ዛሬ ቀለሙ ሳይደርቅ ታፔላ ይለጠፍበታል። ታይፕ ያለው ወንበር የለውም፣ ወንበር ያለው በር የለውም። አስቴር ታይፕም ወንበርም ስለደረሳት ከጠዋት እስከ ማታ ስትቀጠቅጥ ትውላለች። ባሏ ጋትሉዋክ የኑዌር ልጅ ነው፣ ኢታንግ ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ሆኖ ይሠራል። ልጃቸው ኛማል እዚያው ኢታንግ የአባቷ እናት ጋ ታድጋለች። አምስት ዓመት ሞልቷታል። እናቷ ግፋ ቢል በሁለት ወር አንዴ ነው የምታያት።

ታዲያ ከተማችን ውስጥ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ተከፈተ። ምዝገባው ሰኞ ብቻ ነው፣ ከሰኞ ያለፈ ለከርሞ ይጠብቅ ተባለ። ልጁ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ስሙን በአማርኛ ይናገራል፣ እስከ ሃያ ይቆጥራል፣ ያልቆጠረ አይገባም። አስቴር ይሄን ከሰማች ጀምሮ እህል አልወርድላት አለ።

"እማዬ፣ ልጄ ቀኑን ሙሉ ጭቃ ስታቦካ ነው የምትውለው። አንድ ቁጥር አታውቅም። የሰው ልጅ ጥሏት ሊሄድ ነው። እኔን ቢሮ ፈቃድ ከለከለኝ። ሂጂና ለሰኞ አድርሺልኝ።"

"ቁጥሩንስ ማን ያስቆጥራታል?"

"መንገድ ላይ እያስቆጠርሽ አምጫት።"

"እኔ ራሴ ከሃያ ሳልፍ ያልበኛል እኮ።"

አልሳቀችም። አስቴር ስትፈራ አትስቅም፣ ከልጅነቷም እንዲሁ ናት። አንድ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ፣ ሁለት ጠመኔ፣ ለልጅቷ ኮንጎ ጫማ፣ ለአማቷ የልብስ ሳሙና አስያዘችኝ።

ወደ ኢታንግ የሚሄደው አይሱዙ ገበያው ጋ ነው የሚጭነው። ሾፌሩ፣ "ጋቢና አሥራ አምስት፣ ላይ አሥር" አለ።

"ላይ ፀሐይ አለ፣ ጋቢና ደግሞ አንተ አለህ። የቱ ይሻላል?"

"እማማ፣ እኔ ጋ ቴፕ አለ።"

"እንግዲያው አሥር እከፍልና ቴፑን ከላይ ሆኜ እሰማለሁ።"

ሳቀና በአሥር ብር ጋቢና አስገባኝ። የማርጀት አንዱ ጥቅም ይሄ ነው፣ ወንዶች አይፈሩሽም።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን። ከላይ ጨው፣ ሳሙና፣ የቢራ ሳጥን፣ አሥራ ምናምን ሰውና አንድ ፍየል ተጭኗል። ሣሩ ተቃጥሎ መሬቱ ጠቁሯል፣ ከጥቁሩ ሥር ደግሞ እንደ ሕፃን ጥርስ አዲስ ሣር ብቅ ብቅ ብሏል። ኩይሳው በየሜዳው ቆሟል፣ ከሩቅ ሲታይ ሰው ነው የሚመስለው፤ ለአንዱማ እጄን አንስቼ ሰላም ብየዋለሁ። ባሮ አንዳንዴ በግራ በኩል ብልጭ ይላል፣ ከዚያ ይጠፋል። ግማሽ መንገድ ላይ ጎማ ተነፈሰ። ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ከአንዲት የአኙዋክ ሴት በሁለት ብር የደረቀ ዓሣ ገዛሁ። ጨው አልነበረውም፣ መኪናው ላይ ግን ጨው ሞልቶ ነበር፤ ሾፌሩ እሱን መንካት አይቻልም አለ።

ስድስት ሰዓት ላይ ኢታንግ ገባን።

ዓርብ ከሰዓት

የጋትሉዋክ እናት ኛጋች ትባላለች። ግቢዋ ወንዙ ዳር ነው፣ ሁለት ጎጆ፣ አንድ የከብት ቤት፣ መሃል ላይ ትልቅ ዛፍ። ረጅም ናት፤ እኔ ቆሜ እሷ ተቀምጣ እኩል ነን። አማርኛ የተማረችው ገበያ ላይ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም "አንተ" ነው የምትለው። "ማሌ!" አለችኝ፣ በነሱ ሰላምታ ነው፤ ከዚያም "አንተ ወፍረሃል" አለችኝ። "አንቺ ደግሞ ደርቀሻል" አልኳት። እንዲህ ነው ሰላም የምንባባለው፣ ስድስት ዓመታችን ነው።

ኛማል ከዛፉ ሥር ተንበርክካለች። እስከ ክርኗ ጭቃ ናት። "ነይ ሳሚኝ" ብላት ቀና ብላ አይታኝ በነሱ ቋንቋ የሆነ ነገር ተናገረች። አጠገቤ የቆመው አባቷ ጋትሉዋክ ሳቀ።

"ምን አለች?"

"ከብቶቹ ውሃ እየጠጡ ነው፣ ትንሽ ትጠብቀኝ አለች።"

ወደ ወንዙ ዞሬ አየሁ። አንድም ከብት የለም። ልጅ ነው፣ የመጣለትን ይናገራል ብዬ ተውኩት።

ማታ ኮፕ የሚሉትን አቀረቡልኝ፤ የበቆሎ ቅንጬ ብላችሁ ያዙት፣ ወተት አፍስሰውበት ይበላል። ጋትሉዋክ የራሱን ሳህን ይዞ ወደ ጎጆው ጀርባ ሄደ። አማቱ ፊት መብላት ነውር ነው በነሱ። "ጎሬ ቢሆን አማች ነው ቀድሞ የሚጎርሰው!" ብዬ ጮህኩበት። "ስጨርስ እመጣለሁ እማማ!" አለ ከጀርባ፣ አፉ ሙሉ እንደሆነ ድምፁ ያስታውቃል።

ከምግብ በኋላ ሰሌዳውን አወጣሁ። "አንድ በይ።" ኛማል ሰሌዳውን ተቀበለችኝና በጠመኔው ሁለት ቀንድ ሣለችበት። አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ፊት የጎበጠ። ከዚያ ሰሌዳውን ታቅፋ ተኛች። ያን ቀን ትምህርታችን ይሄው ነው።

ቅዳሜ

ጠዋት ኛጋች ኛማልንና የጎረቤት ልጆችን ይዛ ውሃ ልትቀዳ ወረደች፣ ጋትሉዋክ ሥራ ሄደ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። የጎሬ ሴት የሰው ቤት አድራ እጇን አጣጥፋ አትቀመጥም፤ እናቴም እንዲህ ነው ያሳደገችኝ። መጥረጊያ ፈለግኩ። ዛፉ ሥር በጭራሮ የታጠረ ነገር አለ፣ ውስጡ የደረቀ የጭቃ ድቡልቡል ሞልቶበታል፤ አመድ ተበትኖበታል፣ ከሰል ተነስንሶበታል። ይሄ ሁሉ ቆሻሻ ግቢ መሃል! ጭራሮውን ለቅሜ ምድጃው ጋ ከመርኩ። ድቡልቡሉን ሰብስቤ በቆርቆሮ ግቢው ዳር ወዳለው ቦይ ደፋሁት። ቦዩ ውስጥ ውሃ ነበረ። ከዚያ መሬቱን ውሃ ረጨት ረጨት አደረግኩና ተቀመጥኩ፣ የሚያመሰግነኝን እየጠበቅኩ።

መጡ። ልጆቹ ስድስት ይሆናሉ። ሁሉም ቆሙ። ኛማል የጠረግኩትን ቦታ አንዴ ዞረችው፣ ከዚያ ወደ ቦዩ ሄደች። ሰባት ያልሟሙ አውጥታ ጥላ ሥር አቆመቻቸው። ቀንድ ነበራቸው። እግር ነበራቸው። አንዷ ሥር ጥጃ ተለጥፋለች፣ ጡት ትጠባለች።

ሠላሳ ዓመት ጋምቤላ ስኖር የጭቃ ከብት አላየሁም ልበል? አይቻለሁ። ለካ አይቼ አላየሁም።

ልጅቷ አለቀሰች መሰላችሁ? ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ቁጭ ብላ የጠፉትን መጥራት ጀመረች። ኛጋች ተርጓሚ ሆነች። "ጥቁር፣ ግንባሩ ነጭ፣ የለም። እናቱ፣ ቡሬ፣ የለም። ቀንዱ የጎበጠ፣ በዓሣ ገንዘብ የተገዛ፣ የለም። እህቱ ዳለቻ፣ የለም።" ቀጠለች። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከማን እንደተገኘ፣ የትኛው እንደሚዋጋ። አንዱን ሁለቴ አልጠራችም።

"ስንት ናቸው ታዲያ?" አልኩ።

ኛጋች ጠየቀቻት። ልጅቷ እንደ ሞኝ አየችኝ። ኛጋች "ነገርኩህ ትላለች" አለችኝ። "ስም ነገረች። ከብት ሲጠፋ የጠፋውን ነው የምንጠራ። ስንት ምን ያደርጋል? ጥቁሩ ጠፍቶ ነጭ ቢመጣ ቁጥሩ ልክ ነው፣ ከብቱ ግን የሰው ነው።"

እኔ ሳቅኩ፣ ግን ማንም አልሳቀም።

"በረት ጠረግክ" አለች ኛጋች። "አሁን ፍርድ አለ።"

ቁርበት አነጠፉና አስቀመጡኝ። ከልጆቹ ትልቋ፣ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፣ በነሱ የሚፈርዱት፣ የነብር ቆዳ የሚለብሱት ሽማግሌ እኔ ነኝ ብላ ጆንያ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። ጉሮሮዋን ጠራረገች። አንዱ ተነስቶ ስለ ኛማል ተናገረ። እኔንም ተናገሪ አሉኝ። "ቆሻሻ መስሎኝ ነው" አልኩ። ጆንያ ለባሿ ለረጅም ጊዜ አሰበች፤ እውነተኛ ዳኛ እንዲህ ሲያስብ አላየሁም። ከዚያ ፈረደች። የጠፋው ሁሉ በየመልኩ ይተካል። የሚሠራው በእኔ እጅ ነው። ሰው አይረዳኝም፣ ማሳየት ግን ይቻላል።

ተነስቼ ወንዙ ዳር ወረድኩ። ይግባኝ የለም።

ጭቃ ቀላል ይመስላችኋል። የመጀመሪያውን በሬ ሠርቼ ሳቆመው በአፍንጫው ተደፋ። ልጆቹ እየተንከባለሉ ሳቁብኝ። ኛማል ጭቃዬን ጨመቅ አድርጋ አሸተተችው፣ ወርውራ ከሌላ ቦታ ቆፍራ አመጣችልኝ፤ የኔው አሸዋ በዝቶበት ኖሯል። ቀንዱን ብትለጥፊው ይወድቃል፤ ከራሱ ከጭቃው ስበሽ ነው የምታወጪው። ጣትሽን በምራቅሽ ታርሺያለሽ። ሻኛው ከትከሻው ወደ ኋላ ሸሸት ይላል። እኔ መሃል ጀርባው ላይ አደረግኩት፣ "ግመል!" ብለው አፈረሱብኝ።

አታልለውኝ ጭማሪ እንዳያሠሩኝ ጮክ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። "አንድ!" እላለሁ በሬው ሲቆም፤ ልጆቹ "አንድ!" ይላሉ። "ሁለት!" "ሁለት!" ሲወድቅብኝ ወደ ኋላ እቆጥራለሁ፤ ይሄማ ለነሱ ሠርግ ነው። ሆን ብለው በሬዬን ነካ ያደርጉና ሲወድቅ "አራት ቀረ፣ ሦስት!" እያሉ ይጮሃሉ። እስከ ማታ ዘጠኝ ከብት ብቻ ነው የቆመልኝ። ወገቤ ግን አልቆመም።

እሁድ

ኛጋች ልጆቹን ቤተ ክርስቲያን ወስዳ መለሰች፤ እኔ እዚያው ጭቃዬ ጋ ነኝ። አይሱዙው ስድስት ሰዓት ላይ ይመለሳል፣ ሌላው የሚገኘው ማክሰኞ ነው። ሾፌሩ መጥቶ ጥሩምባ ነፋ። እጄን ታጠብኩ። ኮንጎ ጫማውን ለኛማል አደረግኩላት፣ ግራና ቀኙን አዛነቅኩት መሰለኝ ዝም ብላ ቆመች።

"በይ እንሂድ። እናትሽ ትጠብቅሻለች። ነገ ትምህርት ቤት ነው።"

አባቷ ነገራት። ወደ ከብቶቹ አየች፣ ወደ እኔ አየች፣ አንድ ነገር ጠየቀችው። ጋትሉዋክ ሊተረጉምልኝ አልፈለገም። ቀና ብሎ ዛፉን አየ።

"ተናገር እንጂ!"

"እማማ... ሳይጨርሱ ይሄዳሉ ወይ ነው የምትለው።"

ሾፌሩ እንደገና ነፋ። ለልጄ ቃል ገብቻለሁ። አስቴር አሁን ቤቱን አጥባ፣ አልጋ አንጥፋ፣ መንገድ መንገዱን እያየች ነው። አሁን ካልተነሳሁ ዓመቱ ሙሉ አለፈ ማለት ነው፤ ልጅቷም ለእናቷ ሌላ ዓመት የእንግዳ ልጅ ሆነች። የልጅቷን እጅ ያዝኩ። አልተወችኝም፣ አልጎተተችኝምም።

ኛጋች ከተቀመጠችበት ነው የተናገረችው። "ውሰድ። ልጅ ያንተም ነው። ግን ከብት አጥፍቶ ሳይክስ በመኪና የሄደ ሰው፣ እኛ ጋ ሌባ ነው። ልጁ ይሄን ካንተ ከተማረ ሃያ ቁጥር ምን ያደርጋል?"

"ጭቃ እኮ ነው እህቴ!"

"አዎ ጭቃ ነው። ልጅ መጀመሪያ ጭቃ ይጠብቃል። ከጠፋበት ጭቃ ነው የጠፋው። አድጎ ላም ቢያጠፋ ምን እንበላለን? ለዚህ ነው ጭቃ የሰጠነው።"

ሾፌሩን "ሂድ" አልኩት። "እማማ፣ ማክሰኞ አሥራ አምስት ነው" አለኝ። ሂድ አልኩት።

ከሰዓት በኋላ እጄ መፍታት ጀመረ። ሻኛው ቦታውን ያዘ። ነጩን በአመድ፣ ጥቁሩን በከሰል፣ ቀዩን በቀይ አፈር እንቀባለን። ማምሻው ላይ ሃያ አንድ ከብት ቆመ። ኛማል ተነስታ በጣቷ እየነካች፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት..." እያለች ሄደች። አሥራ ሰባትን ዘለለች፤ ጆንያ ለባሿ ጭንቅላቷን ኮርኩማ መለሰቻት። "ሃያ፣ ሃያ አንድ" ብላ ጨረሰች። ሰሌዳው ጎጆ ውስጥ ነበር። ከዓርብ ወዲያ የነካው የለም።

ሰኞ

ጠዋት፣ ምዝገባው በሚጀመርበት ሰዓት፣ የመጨረሻውን ጥጃ እናቱ ሥር ለጠፍኩ። ፍርዱ ተፈጸመ ተባለ። በሬዬ ላይ እፍ ብለው መረቁኝ።

ከዚያ ወዲያው ሠርግ ጀመሩ። ያን ሁሉ ከብት የሠራሁት ለካ ሊድሩበት ኖሯል። ሙሽራዋ የበቆሎ ቆረቆንዳ ናት፣ ጥሎሿ ከብት። ኛማል ከብቱን ታከፋፍላለች፤ ይሄ ለሙሽራዋ አባት፣ ይሄ ለአባቷ ወንድም፣ ይሄ ለአጎቷ በእናቷ በኩል። አንዱ ልጅ ለአጎትየው ያነሰ በሬ ሊሰጥ ሲል እጁን መታችው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ የዘመድ ድርሻ ሲከፋፈል እጣላለሁ፣ እሷ ያለ ጠብ ጨረሰች።

ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባትን ቦቃ ላም ለብቻዋ ጥላ ሥር አቆመቻት።

"ይቺስ የማን ናት?"

ጋትሉዋክ ጠየቀልኝ። "የሙሽራ እናት ላም ናት። የእናት ድርሻ ማንም አይነካውም። ይቺ የእናቴ ናት፣ የጋምቤላዋ እናቴ ትላለች።"

"እንግዲያው ነገ ይዘናት እንሂዳ!"

ልጅቷ ላሟን በጣቷ ነካ አደረገቻትና ገና አልደረቀችም ብላ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። እኔም ነካሁ። እርጥብ ናት። ከእኔ እጅ ከወጣች ገና ማደሯ ነው። በዚያ መንገድ፣ በዚያ አይሱዙ፣ እርጥብ ጭቃ ኩይሳውን ሳያልፍ ይፈርሳል። ፀሐይ ላይ ቢያደርጓት ትሰነጠቃለች። ጥላ ውስጥ አምስት ቀን ትፈልጋለች። ልጅቷ እናቴ ጋ አልሄድም አላለችም፤ ባዶ እጄን አልሄድም ነው ያለችው። ይሄ ሁለቱ ይለያያል። ጎትቼ ማምጣት እችል ነበር፣ ጉልበት አላነሰኝም። ግን አልጎተትኩም።

ማክሰኞ

ጋቢና አሥራ አምስት ብር ከፈልኩ። ሾፌሩ እጄን አይቶ "እማማ፣ ቤት ሲሠሩ ነው የከረሙት?" አለኝ። "በረት" አልኩት። ጎማ አልተነፈሰም። ሰባት ሰዓት ላይ ጋምቤላ ገባን፣ ከገበያው እስከ ቤት በእግሬ ተጓዝኩ።

አስቴር በር ላይ ቆማለች። ወደ እኔ አላየችም፣ ከኋላዬ ነው ያየችው።

"ልጄስ?"

"ትምህርት ላይ ናት።"

"አትቀልጂብኝ እማዬ! ትናንት ሙሉ ቀን መዝጋቢውን ስለምነው ዋልኩ። በሩን ዘግቶብኝ ሄደ። ልጄስ?"

ተቀምጬ ነገርኳት፣ ከመጥረጊያው ጀምሬ። የጠራችውን ሁሉ፣ ፍርዱን፣ ሃያ አንዱን። ሃያ አንድ ስል አፏን ይዛ ቀረች። ከዚያ ተናደደች፤ "ሃያ አንድ ከቆጠረች ለምን እሁድ አላመጣሻትም? ለጭቃ ብለሽ ዓመቷን?" አለችኝ። ልክ ናት። ዓመቱ አልፏል፣ ያሳለፍኩትም እኔ ነኝ። አልተከራከርኩም። ከዚያም ቁጭ አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው ቀጥሎ የጠየቀችኝ።

"ስለ እኔ አነሳች?"

"ላም አቁማልሻለች። ቦቃ። እስክትደርቅ ነው ልጅቷ የቀረችው። ቅዳሜ ራስሽ ሂጂና ሁለቱንም አምጫቸው።"

እኔ እንግዲህ የተማርኩት፣ ሰው ሲጠይቀኝ የምለው ይሄን ነው። እኛ ልጅ ሲጫወት ቀኑ ባከነ እንላለን። ያቺ ልጅ ግን እኔን አስተምራ፣ ፈርዳ፣ ድራ፣ ቆጥራ ነው የሸኘችኝ። ጨዋታው ላይ ቁጥር ስጨምርበት ቁጥሩን ከጭቃው ጋር አብራ አቦካችው። ሰሌዳ ክፉ ነው አልልም። መጥረጊያ ከማንሳታችሁ በፊት ግን ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ ቀንድ ካለው በረት ነው።

አስቴር ዓርብ ማታ ከቢሮ ስትመጣ በጣሳ ጭቃ ይዛ መጣች፣ ከባሮ ዳር የተቆፈረ። ጫማዋን አውልቃ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

"ቀንዱ እንዴት ነው የሚወጣው? ነገ ልጄ ፊት እንዳላፍር።"

ለጠፈችው፣ ወደቀ። እንደገና ለጠፈችው፣ ወደቀ። ሦስተኛውም ወደቀ። አውቃለሁ እንዴት እንደሚወጣ። ዝም ብዬ አየኋት። አስተማሪዋ ኢታንግ ናት፣ እኔ ምን ቤት ነኝ።